በዐይን ቅጽበት ስለሚመራ ጨዋታ

(በወልድያ በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግር አርእስት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ሁለት ዐይነት ጥያቄ ደርሶኛል። አንደኛው «ዐይን በመጥቀስ የሚጫወቱት ጨዋታ ማለት በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ዘወትር የምናየው አይደለም ወይ?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የለኝም፤ ጠያቂው ከኔ ይልቅ ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን ቁም ነገር አለው። ይኸውም «መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት፥ ብዙ ያልተሠራ ሥራ ባለበት አገር፥ ተማሪ ለጨዋታ ጊዜውን ሲያጠፋ ምን ይባላል?» የሚል ነው። ይህን ለጠየቀኝ ጓደኛዬ የምሰጠው መልስ በንግግሬ ውስጥ ተበትኖ ስለሚገኝ፥ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ።

ጤነኛ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያህል ዐይኑን ያርገበግባል። አንዱ እርግብግቢት ከሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ እስከ አራት ዐሥረኛ ይፈጃል። ስናነብ ወይም አንድ ነገር ላይ ስናፈጥ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ስለዚህም ነው ሌሊቱን በመጽሐፍ ላይ ያደረ ሰው ዐይኑ ደርቆ የሚነሣው። ይህን ሁሉ የምናደርገው ሳናስበው ነው። ነገር ግን ስንፈልግ ደግሞ በፈቃዳችን መክደን እንችላለን። ሳያስቡት የሚሠራ፥ ሲፈልጉት ደግሞ የሚታዘዝ የሰውነት ክፍል ጥቂት ነው፤ ትንፋሽ አንዱ ነው፥ የዐይን ቆብ ሌላው ነው። «ቅጽበት» የምንለው ቃል ራሱ ከግእዙ «ቀጸበ» የመጣ ሲሆን፥ ትርጉሙም በዐይን ወይም በእጅ መጥቀስ፥ ምልክት መስጠት ማለት ነው። አባቶቻችን የጊዜን ትንሹን ክፍል የሰየሙት በዚህ ምልክት ነው።

አሁን ወደ ጨዋታው ልምጣ። በኮምፒዩተር ከተሠሩት ጨዋታዎች መካከል ሥዕል የሌላቸው፥ በጽሑፍ ብቻ የሚነገሩ አሉ። የመጀመሪያው ስመ ጥር የሆነው እ.አ.አ. በ1975 እና በ1976 ገደማ ዊል ክራውዘር የተባለ አሜሪካዊ የፕሮግራም ሠሪ የጻፈው ነው። ይህ ሰው የዋሻ አሳሽም ነበርና፥ በኬንታኪ የሚገኘውን የማሞት ዋሻ በቃላት አድርጎ በኮምፒዩተር ውስጥ አስቀመጠው። ከሚስቱ ጋር ተለያይቶ ስለ ነበር ሁለቱ ሴት ልጆቹ ሲጠይቁት እንዲጫወቱበት ነው ያዘጋጀው። እ.አ.አ. በ1977 ዶን ዉድስ የተባለው የስታንፎርድ ሰው አስፋፋው። በዚያው ዓመት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አራት ወጣቶች «ዞርክ» የተባለውን ጀመሩ። አሠራሩ ቀላል ነው። ኮምፒዩተሩ «በዋሻ አፍ ቆመሃል፤ በሰሜን በኩል ጠባብ መተላለፊያ አለ» ብሎ ይጽፋል፤ ተጫዋቹ «ወደ ሰሜን ሂድ» ብሎ ይመልሳል፤ ኮምፒዩተሩም የሚቀጥለውን ይነግረዋል።

ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከምሽት በኋላ እሳት ዳር ተቀምጦ «እንቆቅልሽ» ያልተባባለ ከመካከላችን ማን አለ? የእንቆቅልሽን ሥርዐት ልብ ብላችሁ እንደ ሆነ፥ ምላሹ የጠፋበት ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል። አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም ያን አገር ወስዶ ከገባበት በኋላ መልሱን ይናገራል። ቃል ብቻ ነው፤ ሥዕል የለበትም፤ ግን አገር ይሰጣል፥ አገር ይወሰዳል። ክራውዘር ዋሻውን በኮምፒዩተር ከማስቀመጡ ብዙ ዘመን አስቀድሞ የሀብሩ ልጆች በቃል ብቻ ወልድያን፥ መርሳንና ደሴን ሲለዋወጡ ኖረዋል።

በዐይን ቅጽበት የሚመራውን ጨዋታ በሚመለከት ግን ከሁሉ ይልቅ የታወቀው እ.አ.አ. በሚያዝያ 2021 የወጣውና በእንግሊዝኛ «ቢፎር ዩር አይስ» የተባለው ነው፤ «በዐይኖችህ ፊት» እንደ ማለት ነው። ሥራው የተጀመረው በደቡብ ካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ በተማሪዎች ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ማኅበራችንን መበደል ይሆንብኛል። እ.አ.አ. በ2022 የብሪታንያ የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚ ከመዝናናት ያለፈ ቁም ነገር ላላቸው ጨዋታዎች የሚሰጠውን ሽልማት ሰጥቶታል። ታሪኩ ስለ አንድ የሞተ ሰው ነው። ነፍሱ በጀልባ ተጭና ስትሄድ የሕይወቱን ትዝታ ታያለች። ተጫዋቹ በኮምፒዩተሩ ካሜራ ፊት ይቀመጣል፤ ዐይኑን ባርገበገበ ጊዜ ትዝታው ያልፋል፥ ዘመኑ ይዘላል። እናት ስትናገር ቃሏን ለመጨረስ ዐይንን አለመክደን ያስፈልጋል። ዐይን ግን በመጨረሻ መከደኑ አይቀርም። ሠሪዎቹ ብልኆች ናቸው። ሌሎች «ሳያስቡት የሚሆነውን እርግብግቢት ከሆን ተብሎ ከሚደረገው እንዴት እንለየው?» እያሉ ሲጨነቁ፥ እነርሱ ግን ሳያስቡት የሚሆነውን ራሱን የጨዋታው ሐዘን አደረጉት።

እኔ ይህን ጨዋታ አደንቃለሁ። ሆኖም የዚህ አገር ልጅ ሆኜ ስመለከተው የሚከነክነኝ ነገር አለ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ዐይን የሰው ብቸኛ አፍ የሆነበትን ጊዜ ደግሞ እንመልከት። ዣን ዶሚኒክ ቦቢ የተባለው ፈረንሳዊ የመጽሔት አዘጋጅ እ.አ.አ. በታኅሣሥ 1995 በ43 ዓመቱ ደም በአንጎሉ ውስጥ ተመታበት። ከሰመመን ሲነቃ አእምሮው ሙሉ ነበር፤ መናገር፥ እጁን ማንቀሳቀስ፥ መዋጥ ግን አልቻለም። የቀኝ ዐይኑም ተሰፋ። የቀረው የግራ ዐይኑ ቆብ ብቻ ነበር። ረዳቱ ክሎድ ማንዲቢል የፈረንሳይን ፊደላት በቋንቋው ውስጥ ብዙ ከሚያገለግለው ጀምራ በየተራ ትጠራለታለች፤ የሚፈልገው ፊደል ሲደርስ እርሱ አንድ ጊዜ ዐይኑን ይከድናል፤ እርሷም ትጽፋለች። እንዲህ እያሉ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፉ። መጽሐፉ እ.አ.አ. በመጋቢት 1997 ታተመ፤ ደራሲውም በዚያው ሳምንት ዐረፈ። ከእርሱ 30 ዓመት ያህል አስቀድሞ፥ እ.አ.አ. በ1966 በሰሜን ቬትናም ተማርኮ የነበረው ጄረማያ ዴንተን የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኀይል መኮንን በቴሌቪዥን እንዲናገር ሲያስገድዱት፥ በአፉ ሌላ እየተናገረ በዐይኑ ግን በሞርስ ምልክት «ሥቃይ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ አስተላልፏል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንድናስብ የምፈልገው ጥያቄ አለ። ቦቢ የመርሳ ሰው ቢሆን ኖሮስ? እንዲህ ያለ ሕመም ፈረንሳይን ብቻ አይመርጥም። ደም ግፊት እዚህም አለ፤ የመኪና አደጋ እዚህም አለ። ከአልጋ ላይ ሆኖ ሁሉን የሚሰማ፥ ግን «ውሃ» ማለት የማይችል አባት በሀብሩ ገጠር ቢኖር፥ በምን ፊደል ነው የሚናገረው? ፈረንሳዩ የሚጠራለት 26 ፊደል ነው። የኛ ገበታ «ቨ»ን ጨምሮ 34 ረድፍ፥ በየረድፉም 7 ፊደል አለው፤ 34 ጊዜ 7 ማለት 238 ነው። አንዱን ፊደል በሴኮንድ እየጠራን ከ«ሀ» ብንነሣ፥ ለአንድ ፊደል በአማካይ 120 ሴኮንድ፥ ማለትም ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ይህን ሲሰሙ «የአማርኛ ፊደል ለዚህ አይሆንም» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ተቃራኒውን ነው የምለው።

የኛ ፊደል እንደ ዝርዝር ሳይሆን እንደ ገበታ ነው የተደረደረው። በቄስ ትምህርት ቤት የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ልጁ በእንጨት ወይም በስንደዶ ጫፍ እያመለከተ፥ መጀመሪያ ወደ ታች በግእዙ «ሀ፥ ለ፥ ሐ፥ መ» እያለ ይወርዳል፥ ቀጥሎም ወደ ጎን «ሀ፥ ሁ፥ ሂ» እያለ ይቈጥራል። ለሕመምተኛው የሚያስፈልገው ይህንኑ ማድረግ ነው። ረዳቱ ወደ ታች ሲወርድ ሕመምተኛው በረድፉ ላይ አንድ ጊዜ ዐይኑን ይከድናል፤ ከዚያ ወደ ጎን ሲሄድ በፊደሉ ላይ ሌላ ጊዜ ይከድናል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ ረድፉን ለማግኘት በአማካይ 17 ከግማሽ፥ ፊደሉን ለማግኘት 4፥ በጠቅላላው 21 ከግማሽ እርምጃ ነው። 34ቱን ረድፍ ደግሞ ስድስት ስድስት አድርገን ብንከፍላቸውና መጀመሪያ ክፍሉን፥ ቀጥሎ ረድፉን፥ ቀጥሎ ፊደሉን ብናስመርጥ፥ አማካዩ ወደ 11 ይወርዳል። ከ120 ወደ 11! ይህም ያለ አንዳች መብራት፥ ያለ አንዳች መኪና፥ በወረቀት ገበታና በስንደዶ ነው።

በዚህ ላይ የኛ ቃላት በፊደል ብዛት አጫጭር ናቸው። «ውሃ» ሁለት ፊደል ነው፤ እንግሊዝኛው አምስት ፊደል ያስፈልገዋል። የላቲኑንም ፊደል እንዲሁ በስድስት ዐምድ ሰንጠረዥ ብንደረድረው ለአንድ ፊደል 6 እርምጃ ያህል ይወስዳል። ስለዚህ እንግሊዛዊው ውሃ ለመጠየቅ 30 እርምጃ፥ የኛ ሰው ግን 22 እርምጃ ይጠብቃል ማለት ነው። እርግጥ ሁሉም ቃል እንዲህ አይደለም፤ «እንደማይመጡልን» የሚለውን ቃል በዐይኑ የሚጽፍ ሰው ትዕግሥቱን ይስጠው።

ስለ ሞክሼ ፊደላት የሚደረገው አሮጌ ክርክር እዚህም ይነሣል። ሐ፥ ኀ፥ ሠ፥ ዐ እና ፀ ቢቀሩ 29 ረድፍና 203 ፊደል ብቻ ይቀራል። በአልጋ ላይ ላለ ሰው እያንዳንዱ ሴኮንድ ዋጋ ስላለው ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ «ሠረቀ» ለፀሐይ፥ «ሰረቀ» ለሌባ መሆኑን ለሚያውቅ አንድ መርጌታ፥ መናገር ባቃተው ሰዓት ፊደሉን ልንቀንስበት ነው ወይ? እኔ እንደሚመስለኝ ሞክሼዎቹን ከገበታው አውጥቶ ከመጣል ይልቅ ወደ መጨረሻው ክፍል መውሰድ ይሻላል፤ የሚፈልግ ያገኛቸዋል፥ የማይፈልግ አይደርስባቸውም።

ከዓመታት በፊት የኛ ፊደል በኮምፒዩተር ላይ ወጥ የሆነ ቦታ አልነበረውም፤ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ሠሪ በራሱ ቁጥር ይሰይመው ነበርና አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ አይችልም ነበር። እ.አ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም የኢትዮጵያ ፊደል ከገባ ወዲህ ይህ ችግር ተቃልሏል። ስለዚህ ዛሬ በአማርኛ የጽሑፍ ጨዋታ ለመሥራት የሚከለክል ነገር የለም። ጽሑፍ ደግሞ ቦታ አይፈጅም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በወልድያ በኩል ሲያልፍ ዩኒቨርሲቲያችን ምን ያህል እንደ ተዘረፈ የምታውቁት ነው፤ የተረፈ አሮጌ ላፕቶፕ እንኳ ይህን ጨዋታ ያለ ኔትወርክ ሊያሠራ ይችላል።

ኮምፒዩተሩ ዐይን መከደኑን በምን ያውቃል? ከመንገዶቹ አንዱ በፕራግ የሚገኙት ሶውኩፖቫና ቼክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.አ.አ. በ2016 ያቀረቡት ሲሆን፥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊረዳው ይችላል። በአንዱ ዐይን ዙሪያ ስድስት ነጥብ ይደረጋል፤ ሁለቱ በዐይኑ ጫፍና ጫፍ፥ ሁለቱ በላይኛው ቆብ፥ ሁለቱ በታችኛው። የሁለቱን ቁመት ደምሮ ለስፋቱ እጥፍ ማካፈል ነው። ስፋቱ 30፥ ቁመቶቹ 9 እና 9 ቢሆኑ፥ 18 ለ60 ሲካፈል 0.3 ይሆናል፤ ዐይኑ ክፍት ነው ማለት ነው። ቁመቶቹ ወደ 2 እና 2 ቢወርዱ 4 ለ60፥ ማለትም 0.07 ያህል ነው፤ ዐይኑ ተከድኗል። ሰውዬው ከካሜራው ቢርቅ ቁመቱም ስፋቱም አብረው ስለሚያንሱ ውጤቱ አይለወጥም። ውበቱ እዚህ ላይ ነው። ካሜራው በሴኮንድ 30 ሥዕል የሚያነሣ ከሆነ፥ የተለመደው እርግብግቢት ከ3 እስከ 12 ሥዕል ላይ ይታያል። ስለዚህ ከግማሽ ሴኮንድ በላይ፥ ማለትም ከ15 ሥዕል በላይ የተከደነውን ብቻ «ይህ በፈቃድ የተደረገ ነው» ብሎ መቀበል ይቻላል።

ነገር ግን በአንድ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰው 450 ጊዜ ያህል ያርገበግባል። ኮምፒዩተሩ ከመቶው ሁለቱን ብቻ ቢሳሳት እንኳ ዘጠኝ ጊዜ ያልተባለውን ተባለ ይላል። በጨዋታ ላይ መንገድ መሳሳት ነው፤ በሆስፒታል ግን ሰውን ያላለውን አለ ማሰኘት ነው። ስለዚህ ከያንዳንዱ ትልቅ ምርጫ በኋላ «እንዲህ ማለትዎ ነው?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ ይመስለኛል። (አዎንታን በተመለከተ እኛ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» የምንልበት ልማድ አለን። የውጭ አገር መምህራን ሲሰሙት ይደነግጣሉ። ለኮምፒዩተርም ማስተማር የሚገባ ነው።)

ካሜራው የማንን ፊት ነው በደንብ የሚያየው? አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.አ.አ. በ2018 ባወጣችው ጥናት፥ ፊትን አይተው ወንድ ወይም ሴት ብለው የሚለዩ ለገበያ የቀረቡ ፕሮግራሞች ተፈትነው ነበር። በነጫጭ ወንዶች ላይ የነበረው ስሕተት ከ0.8 በመቶ አልበለጠም፤ በጥቋቁር ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ጥናቱ ስለ ቅጽበት አይደለም። ሆኖም በሌላ አገር ፊት የተማረ ፕሮግራም በወልድያ ፊት ላይ፥ ይልቁንም ማታ በደካማ አምፖል ሥር፥ ምን እንደሚሠራ ሳይፈተን ማመን አይገባም። እኛ ራሳችን ከመካከላችን ፈቃደኞች ሰብስበን መፈተን እንችላለን። የተነሣውም ሥዕል ሒሳቡ እንዳለቀ ወዲያው መጥፋት አለበት፤ በደጉም በክፉውም ዘመን የሰው ፊት በማይታወቅ እጅ መቀመጥ የለበትም።

ይከነክነኛል ወዳልሁት ነገር እመለሳለሁ። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከበረታባቸው አገሮች አንዱ ነው። ይህ በሽታ በልጅነት ይጀምራል፤ በእጅ፥ በጨርቅና በዝንብ ከዐይን ወደ ዐይን ይተላለፋል። ደጋግሞ የያዘው የዐይን ቆብ በውስጥ በኩል ይጠባሳል፤ ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበውና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን መፋቅ ይጀምራል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይበዙበታል፤ ከልጆች ጋር የሚውሉት እነርሱ ናቸውና። ወረንጦ ይዘው ሽፋሽፍታቸውን በየጊዜው የሚያስነቅሉ እናቶችን ያላየ የወሎ ልጅ የለም። አሁን ሒሳቡን ሥሩት። ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ቢያርገበግብና በቀን 16 ሰዓት ነቅቶ ቢውል፥ 15 በ60 በ16 ሲባዛ 14,400 ይመጣል። ይህች እናት በቀን 14,400 ጊዜ ዐይኗ ይፋቃል።

እንግዲህ «ዐይንህን ባርገበገብህ ቁጥር ከሕይወትህ አንድ ነገር ታጣለህ» የሚለው የካሊፎርንያ ጨዋታ ለእርሷ ምሳሌ አይደለም፤ የየቀኑ ኑሮዋ ነው። ሠሪዎቹን መውቀሴ አይደለም፤ ጨዋታው ያለ ካሜራ በመዳፊት ጠቅታም እንዲሄድ ፈቅደዋል። እኛ ግን በዐይን ብቻ የሚሠራ ነገር በዚህ አገር ሠርተን «ለሁሉ ይሆናል» ብንል እናፍራለን። የኛ ጨዋታ ቅጽበትን ቢቀበልም፥ ቅንድብ ማንሣትን፥ አንድ ቁልፍ በጣት፥ በጉልበት ወይም በአገጭ መጫንንም እኩል መቀበል አለበት። የሚፈልገው አንድ ምልክት ብቻ ነውና ምልክቱን ሰውየው ይምረጥ።

በትራኮማ ረገድ መፍትሔው የታወቀ ነው። የተቀለበሰውን ቆብ የሚያቃና ቀዶ ሕክምና አለ፤ የሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያ በአጭር ጊዜ ይሠራዋል። አዚትሮማይሲን የተባለው መድኀኒት ለሕዝብ በዘመቻ ይታደላል። ፊትን መታጠብ፥ መጸዳጃ ቤት መሥራት የቀረው ነው። በክልላችን የካርተር ማዕከል ከመንግሥት ጤና ቢሮ ጋር በዚህ ሥራ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቷል። ታዲያ ጨዋታው ምን ያደርጋል? በጨዋታው ፈተና ላይ ካሜራ ፊት የሚቀመጠው ሰው ሁሉ ዐይኑ ይታያል፤ ዐይኗን መክደን የሚያማት እናት ብትገኝ፥ ካሜራውን ዘግቶ ወደ ጤና ጣቢያ መሸኘት ነው። ይህን የሚያህል ምክር ለመስጠት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ስለ ጨዋታው ይዘት ያሰብሁትን በአጭሩ ልንገራችሁና ላብቃ። ወልድያ ለጽሑፍ ጨዋታ የተፈጠረች ከተማ ናት። መናኸሪያው ላይ የቆመ ሰው በሰሜን ወደ ቆቦ፥ በደቡብ በሲሪንቃ በኩል ወደ መርሳና ወደ ደሴ፥ በምዕራብ ወደ ላሊበላና ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፥ በምሥራቅ በሐራ በኩል ወደ አፋር መሄድ ይችላል። አራቱ ማዕዘን ማለት የክራውዘር አራት ትእዛዝ ነው። አራቱ ቃላት በየተራ ይበራሉ፤ የተፈለገው ሲበራ ዐይንን መክደን ነው። ፊደል መጻፍ የሚያስፈልገው ለእንቆቅልሽ መልስ ብቻ ይሆናል። በየቦታው የሚያገኟቸው ሰዎች እንቆቅልሽ ይጠይቃሉ፤ ለምሳሌ በሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማዕከል በር ላይ ያለው ዘበኛ «ቀኑን ሙሉ ሲከፈትና ሲዘጋ ድምፅ የሌለው በር ምንድር ነው?» ይላል። ተጫዋቹ ካላወቀ «አገር ስጠኝ» ይባላል። መርሳን ከሰጠ መርሳ ከካርታው ትጠፋለች፤ ብርቱካኗም ማንጎዋም ከርሷ ጋር ይሄዳል። ሌላ እንቆቅልሽ ፈትቶ እስኪያስመልሳት ድረስ ከወልድያ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባዶ ሜዳ ብቻ ያገኛል።

አንድ ነገር በጣም አድክሞናል፤ ይኸውም ሰላምታው ነው። እንግሊዝኛው ለሁሉ አንድ ቃል ስላለው «ቆመሃል» ወይስ «ቆመሻል» የሚል ችግር የለበትም። አማርኛ ግን ገና በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ሰውየውን ማወቅ ይፈልጋል። ከጓደኞቼ ጋር በወረቀት ስንሞክረው አንዱ «ሁሉንም አንተ እንበል» አለ፤ ሴቶቹ በትክክል ተቈጡ። «ሁሉንም አንቱ እንበል» ሲባል ደግሞ የ10 ዓመት ልጅ በራሱ ላይ ሲሣቅበት መሰለው። በመጨረሻ የጨዋታው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ እንዲሆን ተስማማን፤ «እንዴት ልጥራዎ? አንተ፥ አንቺ፥ አንቱ።» ሦስቱ በየተራ ይበራሉ፤ ተጫዋቹ በአንዱ ላይ ዐይኑን ይከድናል። መናገር ያቃታቸውን ሽማግሌ አልጋቸው አጠገብ ቆሞ እንደ ሕፃን «አንተ፥ ትሰማለህ?» የሚል ሰው በየቦታው አለ። እርሳቸው ቢችሉ ኖሮ ከውሃ አስቀድመው የሚያርሙት ይህን ይመስለኛል። ስለዚህ የወረቀቱ ገበታም ላይ፥ ከ«ሀ» በላይ፥ እነዚህን ሦስት ቃላት ጽፈናቸዋል።

ሥራው የሚቀጥለው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ በዚሁ አዳራሽ ነው። ካሜራው የሚሠራ ላፕቶፕ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የሚሠራው በስልክ ብቻ የሆነባችሁም ኑ። የፊደል ገበታ በትልቅ ወረቀት የሚጽፍልን ጥሩ እጅ ያለው ሰው እንፈልጋለን። በመርሳ ግቢ የምትማሩ ጓደኞቻችን ደግሞ ከገጠር ስትመለሱ ከአያቶቻችሁ የሰማችሁትን እንቆቅልሽ ጻፉልን፤ መልሱን ከወረቀቱ በስተጀርባ አድርጉት፥ እኛም መጀመሪያ አገር እንድንሰጥ።